በቀን 190 ኪሎ ሜትር፦ ለአዳማ መንገድ የሚሆን ያገለገለ መኪና ፍለጋ

ጥቅምት 2 ቀን 2018፣ እሑድ

ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ቡና ላይ ቁጭ ብለን ወሰንን። መኪና እንገዛለን።

መሥሪያ ቤታችን ወደ ቃሊቲ ከተዛወረ አራት ወር ሞላው። ቤታችን አዳማ ነው። እሷ እዚሁ ታስተምራለች፣ ልጆቹም እዚሁ ይማራሉ። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ተለያይቶ መኖሩን ሁለታችንም አልፈለግነውም። ስለዚህ በሳምንት አራት ቀን እመላለሳለሁ። እስካሁን የምሄደው በአባዱላ ነበር፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት፣ መናኸሪያ መሄድ፣ ወንበሩ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ቃሊቲ ወርዶ ሌላ ታክሲ መያዝ፣ ማታም ያንኑ መድገም። ትንሿ ልጄ ነቅታ የምታየኝ ከዓርብ እስከ እሑድ ብቻ ሆኗል። የገፋፋኝ ይሄ ነው።

ገንዘቡ ያጠራቀምነውና በዚህ ወር ከዕቁብ የሚደርሰን ነው። ብድር አንገባም። ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ አብረውኝ ሊሄዱና ነዳጁን ልንካፈል ተስማምተናል። ስለዚህ መኪናው ብዙውን ጊዜ አራት ሰው ጭኖ ነው የሚሄደው። ይሄን አስምሩበት፣ በኋላ ብዙ ነገር ይለውጣል።

አሁን ሒሳቡ። ከበር እስከ በር 95 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚህ ውስጥ 85 ያህሉ የፍጥነት መንገዱ ነው። ደርሶ መልስ 190፣ በሳምንት 760፣ በወር 3,270 ገደማ። ቤንዚን ሊትሩ ከ120 ብር በላይ ገብቷል። በሊትር 13 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በወር 251 ሊትር ይበላል። 17 የሚሄድ ግን 192 ይበቃዋል። ልዩነቱ 59 ሊትር ነው፣ በወር ከ7 ሺህ ብር በላይ። በዓመት ሲባዛ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ስለዚህ ያየሁትን፣ የለካሁትንና ያወጣሁትን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ። ከቢሾፍቱ፣ ከሞጆና ከአዳማ እንደኔ የሚመላለስ ሰው ብዙ ነው፣ ለአንዱ ይጠቅማል።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

የምክር ሳምንት ነበር። ከአሥር ሰው ስምንቱ «ቪትዝ ግዛ» ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዕቃው በየሱቁ አለ፣ የማያውቀው መካኒክ የለም፣ ስትሸጠው በቀኑ ይሸጣል። አንድ ነገር ግን ሳጣራ ተማርኩ። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው። ያው መኪና አውሮፓ ሲሸጥ ያሪስ ይባላል። ጃፓን በግራ በኩል ስለሚነዳ እውነተኛው ቪትዝ መሪው ቀኝ ነው። እዚህ መሪው ግራ የሆነ ቪትዝ ካየህ፣ ወይ መሪው የዞረ ነው፣ ወይ ደግሞ ሰው በልማድ ቪትዝ የሚለው ያሪስ ነው። መሪ ሲዞር ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ ሽቦው ይነካካል። በጥንቃቄ የተሠራ ይኖራል። ግን በ100 ፍጥነት በየቀኑ ለምሄድበት መኪና ያልተነካውን እመርጣለሁ።

አብዛኛው ምርጫ ከ1,300 ሲሲ በታች የሆነውም በአጋጣሚ አይደለም። የኤክሳይስ ታክሱ ዝቅተኛ እርከን እዚያ ላይ ያበቃል። በ2012 የወጣው አዋጅ ደግሞ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ ሰማይ አደረሰው። ከዚያ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ሦስቱን ስትደምራቸው የሚወጣው ነገር ይሄ ነው፦ ገበያው ላይ ያሉት ትንንሽ የቤንዚን መኪኖች ከዓመታት በፊት የገቡ ናቸው። ሁሉም አርጅተዋል። ስለዚህ ከሞዴሉ ይልቅ የያዘው ሰው እንዴት እንደያዘው ነው የሚለየው።

ኤሌክትሪክስ? ይሄን በደንብ አስቤበታለሁ፣ ምክንያቱም ልቤ እዚያ ነበር። በ100 ፍጥነት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ወይም 17 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ የኔ የቀን ጉዞ ወደ 32 ይጠጋል። ከተለመደው የግድግዳ ሶኬት 10 አምፔር ብስብ በሰዓት የማገኘው 2.2 ብቻ ነው። ከማታ 2 ሰዓት እስከ ሌሊት 11 ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት አለኝ፣ 20 ኪሎዋት ሰዓት። አይበቃም። መብራት የጠፋበት ሌሊት ደግሞ አለ። የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው፣ ቆጣሪው ከአከራዮቻችን ጋር የጋራ ነው፣ ትልቅ መስመር ይዘርጋልኝ ብዬ መጠየቅ አልችልም። የራሱ ቤትና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ግን ሌላ ነገር ሳያይ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ያስላ። በወጪ ሒሳብ ምንም የቤንዚን መኪና አይደርስበትም።

ናፍጣ ያሪስም አለ፣ 1.4። ለረጅም መንገድ የተፈጠረ ሞተር ነው። ግን እዚህ ጥቂት ነው፣ የኢንጀክተሩ ነገር ውድ ነው፣ የሚያውቀው መካኒክም በቀላሉ አይገኝም። ተውኩት።

የቀሩት ሦስት ናቸው። ቪትዝ 1.0 አውቶማቲክ፣ ሱዙኪ ዲዛየር 1.2 ማንዋል፣ ያሪስ 1.3 ማንዋል።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ወሬ ይብቃ ብዬ ትናንት የባለቤቴን ወንድም ቪትዝ ለመንኩ። 1.0፣ አውቶማቲክ፣ በጣም በንጽህና የተያዘ መኪና ነው። ማታ ማደያ ሄጄ የነዳጅ መቅጃው ራሱ ጠቅ ብሎ እስኪያቆም ሞላሁ። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ አራታችንም ገባን።

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ መንገዱ ሜዳ ይመስላል። አይደለም። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ፣ የፍጥነት መንገዱ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልቅበት ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከዚያም በላይ። በአባዱላ ስትሄድ ተኝተህ ስለሆነ አይታወቅህም። መሪ ስትይዝ ነው የሚታወቅህ። ከሞጆ በኋላ መኪናው ከ100 መውረድ ጀመረ። ነዳጁን ትንሽ ጫን ሳደርግ ካምቢዮው አንድ ማርሽ ወደታች ወረደና ሞተሩ ጮኸ። መኪናው ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መሣሪያ ገዝቼ ከስልኬ ጋር አገናኝቼው ነበር፣ ዙሩ ከ4,500 በላይ ይላል። ዳገቱ ሲላላ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። እስከ ቱሉ ዲምቱ እንዲህ ሆነን ደረስን።

ለምን እንደሆነ ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የዚህ ሞተር ጉልበት 69 የፈረስ ጉልበት ነው። ይሄ ግን በባሕር ጠለል ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አምስት እጅ ጉልበት ካለው አንዱን እጅ ያህል ያጣል። የሚቀረው 55 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ አራት ሰው። ሙሉው ክብደት ወደ 1,300 ኪሎ ነው፣ ያንን ከ400 ሜትር በላይ ወደ ላይ ማንሳት ብቻውን ከግማሽ ሊትር በላይ ቤንዚን ይፈልጋል። ነፋሱንና ጎማውን ሳንቆጥር።

ማታ ስንመለስ ቁልቁለት ስለሆነ በጣም ደስ ይላል። ማደያው ላይ እንደገና ሞላሁ። 192 ኪሎ ሜትር፣ 13.1 ሊትር። በሊትር 14.7 ማለት ነው።

የሚያስደነግጥ አይደለም። ግን ሁሉም ሰው «18 ይሄዳል» ያለኝ መኪና ነው። ብቻዬን ቦሌ ለቦሌ ብነዳው ሌላ ቁጥር ይወጣ ይሆናል። የኔ መንገድ ግን ይሄ ነው፣ የኔም ጭነት ይሄ ነው። ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ትንሽ ይበላል የሚለው ነገር እዚህ ላይ ተሰበረብኝ። አቅሙን አሟጦ የሚሠራ ትንሽ ሞተር፣ ተዝናንቶ ከሚሠራ ከፍ ያለ ሞተር በላይ ሊበላ ይችላል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ አዲስ አበባ ዋልኩ። ለደላላው አስቀድሜ ደውዬ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ «ወንድሜ፣ እባክህ እኔ ሳልመጣ ሞተሩን እንዳታስነሱት።» ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ብዙ ነገር ይናገራል። ሲሞቅ ዝም ይላል።

የመጀመሪያው ዲዛየር ነበር። መኪናውን ወድጄዋለሁ። ቀላል ነው፣ ከ900 ኪሎ አይበልጥም፣ ማንዋል ነው፣ የኋላ ኮፈኑ ሰፊ ነው። ግን በስልክ የሚጠራ ታክሲ ሆኖ የሠራ መኪና ነው። ኪሎ ሜትሩ 94 ሺህ ይላል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ታይቷል፣ የሾፌሩ ወንበር በግራ በኩል ሰምጧል፣ የመሪው ቆዳ ለስልሶ መስታወት መስሏል። 94 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲህ አያደርግም። ዲዛየር ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። የቤት የሆነ ዲዛየር ባገኝ ኖሮ ይሄ ማስታወሻ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሁለት ሳምንት ፈልጌ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ያሪስ 1.3። ሲታይ ሙሽራ ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ሽቶ ሽቶ ይላል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። በሮቹ ላይ ጥብቅ ብሎ ያዘ። የቀኝ የኋላ ጎኑ ላይ አልያዘም። ሥሩ ስቱኮ ነው፣ ብረት አይደለም። የስኮርታ ጎማውን አንስቼ ወለሉን ሳይ ብየዳው የፋብሪካ አይደለም፣ እጅ የነካው ነው። ደላላው «ትንሽ ጭረት ነበር» አለኝ። ትንሽ ጭረት ወለል አያስበይድም። ልቤ በጣም ተሰበረ፣ ምክንያቱም ከባለቤቴ ጋር በስልክ ዋጋ ሁሉ ተነጋግረን ነበር። ለፍጥነት መንገድ ደግሞ ይሄ የቀልድ ነገር አይደለም። አካሉ የተጣመመ መኪና መሪ ይጎትታል፣ ጎማ ይበላል፣ በ100 ፍጥነት ጎማ ቢፈነዳ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ተገኘ!

ቢሾፍቱ ነው ያለው፣ እዚሁ መንገዴ ላይ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ያሪስ 1.3፣ 2007 እ.ኤ.አ.፣ አምስት ማርሽ ማንዋል። ግራጫ ነው፣ የፊት መከላከያው ተጭሯል፣ ወንበሩ ደብዝዟል፣ ማንም ዞር ብሎ የሚያየው መኪና አይደለም። «ልጄ፣ ማንዋል ስለሆነ ነው ሰው የሚሸሸው» አሉኝ። ገበያ ላይ ካየሁት ቪትዝ በ180 ሺህ ብር ያንሳል። ማንዋል በመሆኑ ብቻ።

የሻንሲ ቁጥሩ በቪ፣ ኤን፣ ኬ ይጀምራል። ይሄ ቶዮታ ፈረንሳይ ቫለንሲየን ባለው ፋብሪካው የሠራቸው መኪኖች መለያ ነው። ስለዚህ መሪው ከተፈጠረ ጀምሮ ግራ ነው። ኪሎ ሜትሩ 168,400። ፔዳሉ፣ መሪውና ወንበሩ ከቁጥሩ ጋር ይስማማሉ። ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ግን ደብተራቸው ነው። ዘይት የቀየሩበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በእጃቸው ጽፈው ይዘዋል፣ ለስድስት ዓመት። እንዲህ የሚያደርግ ሰው መኪናውን በሌላም ነገር አይበድለውም ብዬ አሰብኩ።

አዳማ ያለውን መካኒኬን ይዤው ሄጄ ነበር። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሳን። ጭስ የለም። የዘይቱን ክዳን ሲከፍተው ነጭ አረፋ የለም፣ ቴስታታው ደህና ነው። የዚህ ሞተር ታይሚንግ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በአንድ ምት የሚያስኬደው) በሰንሰለት ነው፣ በቺንጋ አይደለም፣ ስለዚህ በየጊዜው የሚቀየር ነገር የለውም፣ ግን ዘይት የተጠማ ሰንሰለት ይንኳኳል። አዳመጥነው፣ አይንኳኳም። ጋራዥ አስገብተን ከፍ አድርገን ከሥሩ አየነው። አንዱ የፊት አሞርዛተር ዘይት አፍስሷል። የግራ የኋላ ኩሽኔታ ጀማሪ ድምፅ አለው። እነዚህን ከዋጋው ላይ ተነጋገርን።

ከዚያ ወደ ፍጥነት መንገዱ ገብተን እስከ ቱሉ ዲምቱ ወጣን። ዳገቱ ላይ በአምስተኛ ማርሽ በ100። ዙሩ 3,000 አካባቢ ነው። ማርሽ ሳልቀንስ ወጣ። ይሄ ሞተር 87 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ከፍታው የራሱን ቢወስድበትም የሚተርፈው አለው። ድምፁም ሌላ ነው፣ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ሳልጮህ አወራሁ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

የወረቀት ቀን። አጭር ላድርገው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን በዓይኔ አየሁ። እዳና እገዳ እንደሌለበት ተጣራ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣትም። ቦሎው የዘንድሮ ነው። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈረምን፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን በስሜ አወጣሁ፣ ስም ዝውውሩ ተጀመረ። ውሉ ሳይፈረም ከቀብድ በላይ ገንዘብ አልሰጠሁም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ቁልፉን ሲሰጡኝ መኪናዋን በእጃቸው መታ መታ አደረጓትና «ዘይቷን እንዳትረሳ» አሉኝ።

በዚያው ቀን ዘይት፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ ቀየርኩ። አሞርዛተሮቹን በጥንድ፣ ኩሽኔታውንም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አዝኛለሁ። የመጀመሪያው ሙሉ ሳልቫታዮ (የነዳጅ ታንክ) ሒሳብ ወጣ። 521 ኪሎ ሜትር፣ 36.9 ሊትር። በሊትር 14.1።

ከቪትዙ ያነሰ ነው! ፍጥነቴ 100 ነው፣ ጭነቱ ያው አራት ሰው ነው። የጎማው አየር ትክክል ነው። ፍሬን የሚይዝ እንደሆነ ብዬ ቱሉ ዲምቱ ወጥቼ ስቆም ቸርኬዎቹን በእጄ ነካኋቸው፣ አንዱም ከሌላው የተለየ ሙቀት የለውም። ሦስቱ ተሳፋሪዎቼ ምንም አላሉኝም፣ ግን ነዳጁን የምንካፈለው አብረን ስለሆነ ከበደኝ።

አንድ ነገር አስተውያለሁ። የዚህ መኪና ዳሽቦርድ የሙቀት መለኪያ መርፌ የለውም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ደግሞ ቀይ ይበራል። ጠዋት ከአዳማ ስነሳ ሰማያዊው ሞጆ እስክደርስ አይጠፋም። ማታ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ በርቶ አየሁት። ይሄ ልክ አይደለም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ምስጢሩ ተፈታ። በብሉቱዝ መሣሪያው የውሃውን ሙቀት ተከታተልኩ። ዳገት ላይ 72፣ ቁልቁለት ላይ 59 ዲግሪ። መካኒኩ ቁጥሩን ሲያይ ወዲያው ገባው። ቱቦውን ፈታው። ቴርሞስታቱ የለም። ቦታው ባዶ ነው።

መኪናውን ለሸጡልኝ አባት ደወልኩላቸው። «እውነት ነው ልጄ፣ ከዓመታት በፊት ሞቃብኝ ነበር፣ መካኒኩ ይሄ ነገር አያስፈልግም ብሎ አውጥቶ ጣለው» አሉኝ። እሳቸው አልደበቁኝም፣ ችግር መሆኑን አያውቁም ነበር። ብዙ ጋራዥ ይሄን ያደርጋል። አገሩ ሞቃት ነው፣ ውሃው በነፃ ይዙር፣ ሞተሩ አይሞቅም ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር አያሳልፍም፣ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፍታል። ከሌለ ውሃው ሁልጊዜ ይዞራል፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ ነፋሱ ራዲያተሩን ያለማቋረጥ ስለሚመታው ሞተሩ ሙቀቱን አይደርስበትም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ያስባል፣ ነዳጅ ይጨምራል። ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ይቀራል። ከተማ ውስጥ ሰልፍ ላይ ለሚቆም መኪና ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ለኔ ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ማለት ነው።

አዲስ ቴርሞስታት ገጠምን። ራዲያተሩ ታጠበ፣ የቧንቧ ውሃ ወጥቶ ኩላንት ገባበት። መጀመሪያ ለምን ሞቃ እንደነበረም ፈለግን። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር፣ ያንንም ቀየርነው። ወጪው ከአንድ ሳልቫታዮ ቤንዚን ያነሰ ነው።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ይሄን ጠይቁ። «ቴርሞስታቱ አለ?» ብላችሁ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

652 ኪሎ ሜትር፣ 39.2 ሊትር። በሊትር 16.6!

ሙቀቱ ዳገትም ቁልቁለትም ከ84 እስከ 88 ይቆማል። ሰማያዊው መብራት ከተማው ሳያልቅ ይጠፋል። ተሳፋሪዎቼን በቁጥሩ አበሰርኳቸው፣ ከኋላ ያለችው እኅታችን እልል አለች።

ሌላ የተማርኩት የማታው ቁልቁለት ነገር ነው። ብዙ ሾፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ያንሸራትታል። በካርቡሬተር ጊዜ ልክ ይሆን ነበር። ኢንጀክሽን ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ከነዳጁ ላይ ስታነሳ ነዳጁን ጭራሽ ይቆርጠዋል። በፎሌ ስትሄድ ደግሞ ሞተሩ እንዳይጠፋ ትንሽ ይበላል። አደጋም አለው፣ መኪናው በፍሬን ብቻ ነው የሚያዘው። ስለዚህ አምስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ እግሬን አነሳለሁ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

የፍጥነት ሙከራ። መንገዱ ለትንሽ መኪና እስከ 120 ይፈቅዳል። ሁለት ቀን በ115፣ ሁለት ቀን በ95 ነዳሁ። ሰዎቹ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ማደያው ያው።

በ115፦ 380 ኪሎ ሜትር በ25.9 ሊትር። 14.7።

በ95፦ 380 ኪሎ ሜትር በ21.3 ሊትር። 17.8።

የጊዜው ልዩነት በአንድ መንገድ 9 ደቂቃ ነው። የነዳጁ ልዩነት በቀን 2.3 ሊትር፣ በወር 40 ሊትር ገደማ። ከዚህ በላይ ነፋስ ነው የሚበላው። ነፋስ ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በአራት እጥፍ ነው የሚከብደው። አዳማ ነፋሷ የታወቀ ነው፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባትም በከንቱ አይደለም። ወደ አዳማ ስንቃረብ ከጎን ሲመጣ መሪውን ይገፋዋል። በ95 ስሆን ቀጥ ብዬ አልፋለሁ፣ በ115 ስሆን እጄ ላይ ይሰማኛል።

ጠዋት ተነጋገርን። አራታችንም 9 ደቂቃውን መረጥን፣ ማለትም 9 ደቂቃ ቀድመን መነሳቱን። ከአሁን በኋላ 95 ነው፣ በቀኝ ረድፍ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

የቀረው ጎማ ነበር። መኪናው ሲገዛ ጎማዎቹ ጥርሳቸው ጥሩ ነበር፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ቆየሁ። ትናንት ጎሚስታው ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አሳየኝ። 1417 ይላል። የ2017 እ.ኤ.አ. 14ኛ ሳምንት። ከስምንት ዓመት በላይ ነው። ጥርስ ቢኖረውም ጎማው ደርቋል፣ ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። በዚህ መንገድ ዳር የተፈነዳ ጎማ ቁራጭ የማላይበት ቀን የለም። አራት ሰው ይዤ በዚህ አልሄድም። 185/60፣ ቸርኬ 15፣ አራቱንም አዲስ አደረግሁ፣ ባላንስና አላይመንት ተሠራ። ከመኪናው ቀጥሎ ትልቁ ወጪዬ ይሄ ነው። ከመግዛቴ በፊት ቁጥሩን ማንበብ ባውቅ ኖሮ ከዋጋው ላይ እነጋገርበት ነበር።

የዚህ ወር አማካይ በሊትር 17.2 ነው። ሳምንቱ ላይ ሁለቴ እሞላለሁ፣ ሰልፍ እንዳይዘኝ አንዱን እሑድ ጠዋት። ማታ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ቤት እደርሳለሁ። ትንሿ ልጄ የመኪናውን ድምፅ ለይታለች፣ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ።

ኪሎ ሜትሩ ዛሬ 172,700 ነው። ዘይት 173,400 ላይ ይቀየራል፣ ያ ማለት በዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው። ደብተሩን ከአባታችን ተቀብያለሁ፣ ከእሳቸው ጽሑፍ ቀጥሎ ጽፌዋለሁ።